አንድ መዳፍ

ኪል፣ ባሕሩ ዳር፣ ክሊኒኩ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣
መስኮቱ ሰሜኑን፣ የቆመውን ክሬን የሚያይ፣
እዚያ ነው ሥራዬ፤ የሰው ቆዳ መለካት፤
ቅላቱን፣ ውፍረቱን፣ የቅርፊቱን ብዛት
ከዜሮ እስከ አራት፤
ክርን ላይ፣ ጉልበት ላይ፣ ከጀርባና ከአንገት፣
በየሁለት ሳምንት በሰንጠረዥ መክተት።

ሕጉ ቀላል ነው፦ የታማሚው መዳፍ
ከነጣቶቹ ጋር፣ ከአንጓው እስከ ጫፍ፣
አንድ በመቶ ነው።
በእኛ ክፍል እንግዲህ፣ ሰው መቶ መዳፍ ነው።

በጥቅምት ማክሰኞ ኦኬ ታምሰን መጣ፣
አርባ ዓመት መርከብ ቀብቶ ጸጉሩ የነጣ።
ሲቀመጥ ወንበሩን በመሐረብ ጠረገው፣
ሲነሣም ጠረገው፤
ከክንዱ የረገፈውን ለቀመ፣ እንደ ተበተነ ሳንቲም፤
"ተወው" ብለው፣ "የእኔ ነው" አለኝ፣ "ለሰው አልተውም።"
"አውቶቡስ ውስጥ" አለ፣ "ጎኔ ያለው ወንበር
የኮቴ ነው፤ ቲኬት ሳልቆርጥለት ይቀመጥ ነበር።"
ቆጠርኩ። ሃያ ሦስት መዳፍ። ጻፍኩ።

ዶክተር ኢልዛቤ ፎስ አስረዳችው ቀስ ብላ፦
ሰውነቱ ራሱን ጠላት መስሎት ሲበላ፣
እሳቱ ከውስጥ ነው፣ ቆዳው ጭሱ ብቻ።
ብግነት እንለዋለን እኛ፤
የተቆጣ በገነ፣
አዝኖ ያረረ በገነ፣
ያበጠ ገላ በገነ፤
አንድ ቃል ለሦስት እሳት።
ብነግራት ሳቀች፦ "ይህን ለማለት
ሃያ ገጽ ጻፍን እኮ፣ ከነሥዕሉ!"

ከማስመሪያው ቀጥሎ ሌላ ወረቀት አለ፣
"ባለፉት ሁለት ሳምንታት" እያለ
ዘጠኝ ነገር የሚጠይቅ፤
እንቅልፍን፣ ድካምን፣ ራስን መናቅ።
ኦኬ እስክሪብቶ ይዞ በመስኮት ያያል፤
መርከብ ፈልጎ ነው ብዬ አየሁ፤ መርከብ የለም።
ሁሉም ላይ "በፍጹም" ብሎ ምልክት አደረገ።

መርፌው በየወሩ። ክረምቱ አለፈ።
ሃያ ሦስቱ ዐሥር፣ ዐሥሩ ሁለት ሆነ፣
ሁለቱም ጠፋ።
ግራፉ ቁልቁል ወረደ፤ ኮሪደሩ ላይ ኬክ ተቆረሰ፣
"እንኳን ደስ ያለህ!" ተባለ፤
ቁራሹን ይዞ፣ ሳይቀምስ፣
ቆመ፣ የሌላ ሰው ልደት ላይ እንደ ተገኘ እንግዳ።

ያን ቀን ስምንቱን ሞልቶ ወረቀቱን ሰጠኝ።
ዘጠነኛው ባዶ ነበር።
ማስመሪያዬን አስቀመጥኩ።
ያንን ጥያቄ ባዶ የሚተው
ረስቶት አይደለም።

"ዝገት ሳይፍቁ ከቀቡ" አለኝ፣ "መርከቡ
አንድ በጋ ያምራል። ከዚያ ከሥር ይፈነዳል።
ድሮ ሰው ሲሸሸኝ ቆዳዬ ነው እል ነበር፤
አሁን ጎኔ ይቀመጣሉ፣
እኔ ነኝ የሌለሁት።
ለእኅቴ ለጌሼ ብነግራት፣ 'ድነሃል! ምን ጎደለህ? ውጣ፣ ተራመድ' አለች።
ድባቴ ሲባል ስንፍና ይመስላቸዋል።
ክንዴን ግን፣ ይህን ሁሉ ዘመን፣
'ጠንከር በል፣ መላላጥህን ተው' ያለው የለም።"

እኔም "በርታ" ልለው ነበር፤
ቃሉ ከጥርሴ ደርሶ ነበር።
ዋጥኩት።
ዘጠነኛውን ጥያቄ በአፌ፣ ዓይኑን እያየሁ፣
አንድም ቃል ሳላለዝብ ጠየቅኩት።
"አዎ" አለ። "አንዳንድ ሌሊት።"
ትከሻው ዝቅ አለ፣
ደረጃ ሙሉ የተሸከመውን ሣጥን እንዳወረደ።

ዶክተሯ መጣች። ስልክ ተደወለ። አምስተኛ ፎቅ፣
ሌላ ሐኪም፣ ለነገ ሳይሆን ለዛሬ።
በሰንጠረዡ ላይ ለዚህ የሚሆን ዓምድ የለም፤
ከኅዳጉ ላይ ጻፍኩት፣ በእርሳስ፣ በትንሹ።

አሳንሰሩ ዘገየ።
መዳፉን ዘረጋልኝ፤ ያለ ጓንት ያዝኩት፤
ሞቃት፣ ለስላሳ፣ ጥቂት የሚንቀጠቀጥ።
አንድ በመቶ፣ አልኩ በሆዴ።
ዘጠና ዘጠኙ
ገና አልተለካም።